እስክስታና ኮንቴምፖራሪ ሲገናኙ ምን እንይ?

ቆሼ ውስጥ በተጣለ የሰርግ ድንኳን ጉራጊኛ ሲከፈት የጨፋሪዎቹን እግር እግር እዩ። ጭፈራውን የሚያውቁት ጉልበታቸውን ላላ አድርገው ክብደታቸውን መሬት ያስይዛሉ፤ ዝላዩም ከዚያው ይነሳል። ዓይን እዚያ ሳይለማመድ ባህላዊ ውዝዋዜን ከኮንቴምፖራሪ ዳንስ ጋር ያዋሃደ ሥራ ለመዳኘት መቸኮል አይገባም።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ሽግግሩን ነው። ደካማ ሥራ ላይ ተወዛዋዡ ወለሉ ላይ ይንከባለላል፣ ተነስቶ እስክስታ ይወርዳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ተመልሶ ይንከባለላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተዋሃዱም። እስክስታን ትከሻ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ በደል ነው፤ ትንፋሽ ከደረት ይገፋዋል፣ ወገብ ይሸከመዋል፣ አንገትም ልኩን ይጠብቅለታል። ተወዛዋዡ በጀርባው ተጋድሞ ወይም ጓደኛው ተሸክሞት ሳለ ያ የደረት ግፊት ካልጠፋ፣ ኮሪዮግራፈሩ ሥራውን ያውቃል።

ኮሪዮግራፈሩን አክራም ካንን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ለንደን ውስጥ ከባንግላዴሽ ቤተሰብ የተወለደው ካን ከልጅነቱ ጀምሮ የሰሜን ሕንዱን የካታክ ውዝዋዜ ተምሯል። ካታክ በባዶ እግር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቃጭል ታስሮ ይመታል፤ በፍጥነት ተሽከርክሮ ድንገት ቀጥ ማለት አለበት። ካን በዘመናዊ ሥራዎቹ ቃጭሉን ቢፈታም ያ ድንገተኛ ማቆም ከሰውነቱ አልወጣም።

የእኛም ታሪክ አጭር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብሪታንያዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን ሠራ፤ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ከዚያ ሥራ በቀለ። የአዱኛው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 ወጣት ከያኒያንን ከአንጋፎች ጋር በሚያገናኘው የሮሌክስ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ተሺጋዋራ የሚያስተምረው ከትንፋሽ ጀምሮ ነው፤ በእስክስታ አገር ላደገ ተወዛዋዥ ከዚህ የተሻለ መምህር ማሰብ ይከብደኛል። የፈንድቃው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ፦ ከእስክስታ ሳይወጣ፣ እንደ ሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ካሉ ባንዶች ጋር እየሠራ፣ ትከሻውን ያልተለመደ ድምፅ ውስጥ ከተተው። ለእኔ ይህም ውህደት ነው፤ እንዲያውም ከባዱ።

ፍጥነት አያታላችሁ። የትከሻ ፍጥነት ጭብጨባ ያስገኛል፣ ብዙ ድክመትም ይሸፍናል። ሙዚቃው የሚቋረጥበትን ቦታ ጠብቁና ተወዛዋዡ የችክችካውን ምት የት እንደያዘው ተመልከቱ፦ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ደረቱ ላይ ነው ወይስ ከድምፅ ማጉያው ጋር አብሮ ጠፍቷል?