ማዕረግ ያልፈለገው ምስክር

የጦርነትን ታሪክ የሚጽፍልን አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ያለው ሰው ነው። ጄኔራሉ ወይም የታሪክ ምሁሩ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና በቀይና በሰማያዊ ቀስት እያመለከተ ‹‹ይህ ክፍለ ጦር በዚህ ገባ፤ ያኛው በዚያ አፈገፈገ›› ብሎ ያስረዳናል። ከቀስቱ ጫፍ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ በሆዱ የተኛው ሰው ግን ካርታ የለውም። የሚያየው ከፊቱ ያለውን ቁጥቋጦና ከጎኑ ያለውን ጓደኛውን ነው። በዕለቱ ማን እንዳሸነፈ እንኳ የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ለመሆኑ ከእነዚህ ከሁለቱ ጦርነቱን የሚያውቀው የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያስነሳ አንድ መጽሐፍ አለ። ዴቪድ ኬንየን ዌብስተር የተባለ አሜሪካዊ አየር ወለድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሳለፈውን ሕይወት የተረከበት ‹‹ፓራሹት ኢንፋንትሪ›› ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ ‹‹አየር ወለድ እግረኛ›› እንደ ማለት ይሆናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1994 በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ሲወጣ ደራሲው በሕይወት ከተለየ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። በሕይወት ሳለ አሳታሚ ፈልጎ አላገኘም። (የውጭውን ታሪክ በሚመለከት ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌብስተር በ1922 ኒውዮርክ ተወለደ። ጦርነቱ ሲመጣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ አየር ወለድ የሚሆነው ፈቅዶ የገባ ብቻ ነበር፤ አምስት ጊዜ ከአውሮፕላን ዘሎ ክንፉን ደረቱ ላይ ያደረገ ተራ ወታደር በወር 50 ዶላር ተጨማሪ ይከፈለዋል። ይህም የተራ ወታደሩን መነሻ ደመወዝ እጥፍ ያደርገው ነበር። ዌብስተር ትምህርቱን ይዞ የመኮንንነት ኮርስ ቢጠይቅ የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ግን ማዕረግ አልፈለገም። የታዘዘውን ይሠራል፤ ያልታዘዘውን ‹‹እኔ ልሂድ›› ብሎ እጁን አያወጣም፤ ያየውን ይጽፋል። ውሉ ይኸው ነበር። እስከ መጨረሻውም ከተራ ወታደርነት ፈቅ ሳይል ጦርነቱን ጨረሰ።

የተመደበው በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር፣ በ506ኛው ሬጅመንት ነው። ሰኔ 6 ቀን 1944 ለሊት ሁለት የአሜሪካ አየር ወለድ ክፍለ ጦሮች 13 ሺህ ያህል ሰው ኖርማንዲ ላይ ሲያወርዱ እሱም ከሁለተኛው ሻለቃ መምሪያ ሻምበል ጋር ዘሎ ወረደ። በኋላ ወደ ‹‹ኢ›› ሻምበል ተዛወረ። የታሪክ መጻሕፍት ስለዚያ ለሊት ብዙ ብለዋል፤ አውሮፕላኖቹ በደመናና በፀረ አውሮፕላን ተኩስ መካከል ተበታትነው ሰዉን ከታቀደለት ቦታ ውጭ እንዳራገፉት ይነግሩናል። በዌብስተር ገጾች ውስጥ ግን መበታተን የሚባል ቃል ሥጋ ይለብሳል። አንድ ሰው በጨለማ እየወረደ ከሥሩ ውኃ ብቻ ያያል። ጀርመኖች ሜዳውን በውኃ አጥለቅልቀውታል። ከዚያ ሁሉ ሸክም ጋር ሊሰጥም ነው፤ ጥይት ሳይተኩስ ሊሞት ነው። እግሩ መሬት ሲነካ ግን ውኃው ቆሞ የሚራመዱበት ሆኖ ይገኛል። የዓለምን ታሪክ የቀየረች የተባለችው ለሊት ለዚህ ሰው የጀመረችው በዚህ ነው፤ በድንጋጤና በእርጥብ ልብስ።

ልዩነቱን በይበልጥ የሚያሳየን ጥቅምት 5 ቀን 1944 ነው። ከኖርማንዲ በኋላ ክፍለ ጦሩ መስከረም 17 ቀን ሆላንድ ላይ ዘሏል፤ በማግሥቱ አይንድሆቨን ከተማን ነፃ አውጥቷል። እንግሊዞች አርንሄም ላይ ያሰቡት ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ አሜሪካውያኑ በሁለት ወንዞች መካከል ባለች፣ ወታደሮቹ ‹‹ደሴቷ›› በሚሏት ረግረግ ምድር ምሽግ ይዘው ተቀመጡ። በጥቅምት 5 የ‹‹ኢ›› ሻምበል ሰዎች አንድ መስቀለኛ መንገድ አጠገብ ከጀርመን ኤስኤስ ጦር ጋር ተጋጠሙ። የታሪክ ጸሐፊው ስቲቨን አምብሮዝ ይህን ውጊያ ሲተርክ ሒሳቡን እንዲህ ያስቀምጠዋል፤ 35 አሜሪካውያን ወደ 300 የሚጠጉ ጀርመናውያንን በተኑ፤ ከአሜሪካኖቹ ወገን 1 ሞተ፣ 22 ቆሰሉ። ሻምበሉን የመሩት መኮንን ዲክ ዊንተርስም በ2006 ባወጡት ትዝታቸው ይህን ቀን በኩራት ነው የሚያስታውሱት። የሚያኮራም ነው።

ከ22ቱ ቁስለኞች አንዱ ዌብስተር ነው። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ 22 የሚባል ቁጥር እግር ይሆናል። መትረየስ እግሩን ይመታዋል፤ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ‹‹ተመታሁ!›› ብሎ ይጮኻል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን መጽሐፉን ከብዙዎቹ የጦር ሜዳ ትዝታዎች ይለየዋል። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ደራሲው በራሱ ያፍራል። ያቺ ጩኸት ስንት ጊዜ የተባለች፣ ያረጀች፣ የሰለቸች ቃል መሆኗ እዚያው ወድቆ ሳለ ይታወቀዋል። ጥይት እግሩ ውስጥ ገብቶም ስለ ቃል ምርጫ ያስባል ማለት ነው። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ቀልድ ሊያልፈው ይችላል። ለእኔ ግን ስለ ጦርነት ሥነ ጽሑፍ ከተነገሩት ቁም ነገሮች አንዱ ነው። ሰው በጭንቁ ሰዓት እንኳ የራሱን ቃል አያገኝም፤ ሌሎች ያስለመዱትን ያስተጋባል። ደራሲ የሚሆነው ያንን የተውሶ ቃል ሲሰማ የሚያፍረው ነው።

ከሆላንድ በኋላ የሚመጣው ባዶ ቦታ የመጽሐፉ ታላቅ ታማኝነት ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1944 ክፍለ ጦሩ ባስቶኝ በተባለችው የቤልጅየም ከተማ በበረዶ ተከቦ ተዋጋ። ዝናው የተገነባው በይበልጥ በዚያ ውጊያ ነው። ዌብስተር ግን ሆስፒታል ነበር። ወደ ሻምበሉ የተመለሰው በየካቲት 1945 ፈረንሳይ ውስጥ አገኖ ከተማ ላይ ነው። እንግዲህ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ከጓደኞቹ የሰማውን አጠረቃቅሞ ስለ በረዶው፣ ስለ ረኀቡ፣ ስለ ከበባው አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይጽፍ ነበር። አንባቢም የሚፈልገው እሱን ነው፤ አሳታሚም እንደዚሁ። ዌብስተር አልጻፈም። ያላየውን አላየም። ‹‹ነበርኩ›› ከማለት ‹‹አልነበርኩም›› ማለት የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ያልነበሩበት ቦታ በኋላ የጀግኖች መለያ ሆኖ ሲገኝ።

ሌላው የመጽሐፉ ጠባይ ማጉረምረም ነው። ዌብስተር ጦር ሠራዊቱን ይጠላል። ሰልፉን፣ ቁጥጥሩን፣ ምክንያት የሌለውን ትእዛዝ፣ አንዳንድ መኮንኖች ለራሳቸው ደልቷቸው ወታደሩን የሚያጉላሉበትን መንገድ አይምርም። ይሁንና ሠራዊቱን የሚጠላው ይህ ሰው ጦርነቱን ያምንበታል። ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ የተቀላቀልኩት ልዋጋ ነውና አትጨነቁ፤ ወጣቶች ሳይሞቱበት የተገኘ ድል የለም የሚል መንፈስ ያለው ቃል ልኳል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? መጽሐፉ መልስ አይሰጥም፤ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ዓላማውን የሚወድ ሰው አለቃውን መውደድ ግዴታ የለበትም። ይህን የማያውቅ ያለ እንደሆነ ወታደር ሆኖ የማያውቅ ነው።

የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ደግሞ ‹‹ጦርነቱ አለቀ›› ሲባል ምን እንደሚመጣ ያሳያሉ። ሻምበሉ በግንቦት 1945 የሂትለር የተራራ መኖሪያ ወደ ነበረችው ወደ በርክተስጋደን ይገባል፤ ቀጥሎም ወደ ኦስትሪያ። የጀርመን መጠጥ አለ፤ የጀርመን መኪና አለ፤ ሥራ የለም። ሰዉ ሁሉ ነጥብ ይቆጥራል። ወደ ቤት ለመመለስ 85 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ከአገልግሎት ወር፣ ከውጊያ፣ ከሜዳልያና ከልጅ ብዛት ይለቀማል። ዓለምን ያዳነ ወታደር ጣቱን እያጠፈ እንደ ሱቅ ጠባቂ ሒሳብ ሲሠራ እናየዋለን። ደራሲው ይህን ለማሾፍ አልጻፈውም፤ እንደዚያ ስለ ነበረ ጻፈው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ምልልሶቹ ይረዝማሉ። ከዓመታት በፊት በጉድጓድ ውስጥ የተባለን ወሬ ቃል በቃል ማን ያስታውሳል? ተማሪው ልብ ወለድ ጸሐፊ የመሆን ምኞቱ እዚህ ላይ ወታደሩን ይጋርደዋል። ከዚህ የሚከብደው ግን ‹‹ተራ›› የሚለው ቃል ራሱ ነው። ዌብስተር ተራ ወታደር ነበር፤ ተራ ሰው ግን አልነበረም። አብረውት ጉድጓድ ከቆፈሩት ብዙዎቹ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ያደጉ፣ ለእነሱ ያቺ 50 ዶላር ቁም ነገር የሆነች ልጆች ናቸው። ለእሱ ተራነት ምርጫ ነበር፤ ለእነሱ ዕጣ። አልፎ አልፎ ጓደኞቹን ሲገልጽ ነገ ለሚጻፍ መጽሐፍ የተቀመጡ ገጸ ባሕርያት አድርጎ ሲያያቸው ይሰማል። ያም ሆኖ እነሱ የእሱን ያህል የሚጽፍ እጅ አልነበራቸውም፤ እሱ ባይጽፈው የብዙዎቹ ንግግርና ሳቅ አብሯቸው ይቀበር ነበር።

መጽሐፉን ከመቀበር ያዳነው አምብሮዝ ነው። በ1992 ስለ ‹‹ኢ›› ሻምበል ‹‹ባንድ ኦቭ ብራዘርስ››ን ሲጽፍ የዌብስተርን ያልታተመ ጽሑፍ በብዛት ተጠቀመበት፤ መታተም እንዳለበትም ተከራከረለት። በ2001 ስቲቨን ስፒልበርግና ቶም ሃንክስ የአምብሮዝን መጽሐፍ ለኤችቢኦ ባለ 10 ክፍል ተከታታይ ፊልም አደረጉት፤ ስምንተኛው ክፍል በዌብስተር ድምፅ ይተረካል። ባለውለታዎች ናቸው። ነገር ግን ውለታው ዋጋ አስከፍሏል። በፊልሙ ውስጥ ከሆስፒታል የተመለሰው ዌብስተር ባስቶኝ ባለመገኘቱ የጓደኞቹን ፊት መንሣት የሚጋፈጥ፣ ዋጋውን ከፍሎ ወደ ወንድማማችነቱ ተመልሶ የሚገባ ሰው ነው። በገዛ መጽሐፉ ግን እሱ የዚህ ዓይነት ተረት አያስፈልገውም። አልነበረም፤ አልጻፈም፤ አለቀ። ፊልሙ ‹‹ወንድማማችነት›› የሚል ትልቅ ቃል አለው። መጽሐፉ ያለው ብርድ፣ ስልቸታ፣ ማጉረምረምና ከጎን የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ቃሉ የተሠራው ከእነዚህ ነው፤ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ግን ከምን እንደ ተሠራ አያውቅም።

ደራሲው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም። ከጦርነቱ በኋላ በዎል ስትሪት ጆርናልና በሎስ አንጀለስ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጠኛ ሆኖ ሠራ፤ ሻርክ ስለሚባለው የባሕር አውሬ ያጠና ነበር። መስከረም 9 ቀን 1961 ከሳንታ ሞኒካ ጠረፍ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለ ሻርክ የጻፈው መጽሐፍ በዓመቱ ወጣ። ተከታታይ ፊልሙ መታየት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2001 ነው፤ እሱ በጠፋ በ40ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት።

ይህ የሩቅ አገር መጽሐፍ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። አየር ወለድ የሚለው ቃል ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ደብረ ዘይት ላይ የሠለጠኑ አየር ወለዶች በየጦር ሜዳው ተሰልፈዋል። ስለ ጦርነታችን ያለን ንባብ ግን በአብዛኛው ካርታ ካላቸው ሰዎች የመጣ ነው። የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› እንኳ፣ በ1975 ዓ.ም. ያን ያህል ዋጋ አስከፍሎ የወጣው ልብ ወለድ፣ የሰሜኑን ዘመቻ የሚያየው በጋዜጠኛ ዐይን ነው። ከዚያ ወዲህ የታተሙት ትዝታዎችም በብዛት የመኮንኖችና የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። ይህን የምለው እነሱን ለመንቀፍ አይደለም። ሹሙ ስለ ቀስቱ ይጻፍ። ቀስቱ ጫፍ ላይ የነበረው ግን የት ሄደ? ደብዳቤው በየሣጥኑ ውስጥ፣ ወሬው በየቡና ቤቱ፣ ትዝታው በየሽማግሌው ልብ ውስጥ አለ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። የዌብስተር ጽሑፍ 33 ዓመት የጠበቀው ወረቀት ላይ ስለ ነበረ ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ 33 ዓመት አይጠብቅም።

‹‹ፓራሹት ኢንፋንትሪ›› ታላቅ መጽሐፍ ነው ብዬ አልሟገትም፤ እውነተኛ መጽሐፍ ነው። ጀግና ሳይፈጥርልን፣ ጦርነትንም ሳያቆነጅ፣ አንድ ሰው ከቆመበት ጉድጓድ የታየውን ያህል ይሰጠናል። ከዚያ በላይ አይጨምርም። የጦርነትን ካርታ ለማንበብ የሚፈልግ ብዙ መጽሐፍ አለለት፤ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ሰው መሆኗን ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ያንብብ።