ሰባት ሜትር ተኩል

በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንድ ሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል። ሁለት ተጫዋቾች በኦንላይን ውድድር ጎን ለጎን ሲሽቀዳደሙ አንደኛው ከሰርቨሩ አጠገብ ቢሆን፣ የሌላው መልእክት ደግሞ ደርሶ ለመመለስ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ የሁለቱ ስክሪን የሚያሳየው ርቀት በሰባት ሜትር ተኩል ይለያያል። አንድ የቤት መኪና ከአፍንጫው እስከ ጭራው አራት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ «ቀድሜዋለሁ» ሲል ሌላውም «ቀድሜዋለሁ» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ከመካነ ሰላም ሆኖ ደረጃ በሚሰጥ የመኪና ውድድር ጌም ላይ የሚሰለፍ ሰው ሙያውን የሚጀምረው ይህን ሂሳብ ከመቀበል ነው። የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ አቀስታን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ያደርስባታል። ከእሷ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ብዙ የጌም ሰርቨሮች የሚገኙባት ፍራንክፈርት ከዚህ በቀጥታ መስመር ቢለካ 5,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ምንም ባያደናቅፈው እንኳ ደርሶ መልሱ 52 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ይህን የትኛውም የዳታ ፓኬጅ አይቀንሰውም።

ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር ያልፋል፤ በጅቡቲ በኩል የሚወርደው ከባሕር ሥር ካለው ኬብል ጋር ተገናኝቶ በቀይ ባሕር፣ በግብፅና በሜዲትራኒያን ዞሮ ነው አውሮፓ የሚገባው። በየመንገዱ የተደረደሩት ማሽኖችና ስልኩን ከማማው የሚያገናኘው ሲግናል ሲታከሉበት ፒንጉ (በሚሊ ሰከንድ የሚለካው የደርሶ መልስ ጊዜ) ከ100 በላይ ቢቆጥር ማንም ሊደነቅ አይገባም።

የራስ መኪና እጅን ወዲያው ይታዘዛል፤ የሚዘገየው የሌሎቹ ወሬ ነው። ጌሙ ይህን ክፍተት የሚሞላው በግምት ነው። ከተቀናቃኙ የመጣው የመጨረሻ መልእክት የነበረበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩ ከዚያ ተነስቶ መኪናው አሁን የት ሊሆን እንደሚችል አስልቶ ይስለዋል። ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ፍጥነትና አቅጣጫ ቶሎ ስለማይለወጡ ግምቱ እምብዛም አይስትም። ጉዱ የሚመጣው ፍሬን ላይ ነው። ተቀናቃኙ ፍሬኑን ረግጧል፣ ወሬው ግን ገና ቀይ ባሕር ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና በቀድሞ ፍጥነቱ ይቀጥልና መልእክቱ ሲደርስ ወደኋላ ዘሎ ይመለሳል። በተቀናቃኙ ስክሪን ደግሞ ከኋላ የሚከተለው የመካነ ሰላሙ መኪና ፍሬን የሌለው መስሎ መጥቶ ይገጨዋል። ስድቡም ይከተላል።

ከዚህ የሚወለደው የአነዳድ ልማድ የዩቲዩብ አስተማሪዎች ከሚሉት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እነሱ ፍሬን አዘግይቶ ኩርባ መግቢያ ላይ ማለፍን ያሞግሳሉ። ከሩቅ የሚጫወት ሰው ግን ማለፍ ያለበት ቀጥታው ላይ ነው፤ ለዚያም ከቀጥታው በፊት ካለው ኩርባ ቀደም ብሎ ጋዝ እየሰጠ መውጣትን መካን ይኖርበታል። ሰው ከፊቱ ካለ ፍሬኑን ከወትሮው ቀድሞ ይይዛል፣ መስመሩንም ትንሽ ወደ ጎን ያሸሻል። ጎን ለጎን ወደ ኩርባ መግባት ግድ ሲሆንበት ከአንድ መኪና ወርድ የሚበልጥ ቦታ ይተዋል። በየኩርባው የሚከስረው አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ነው። ግጭት ግን ውድድሩን በሙሉ ይበላዋል።

ከረጅም መዘግየት የሚከፋው የሚዋዥቅ መዘግየት ነው። ሁሌም 150 የሆነ ፒንግ ይለመዳል፤ 80 ቆይቶ በድንገት 300 የሚሆን ግን ለነጂውም ለኮምፒዩተሩ ግምትም አይመችም። መስመር በገመድ የገባበት ቤት ከሆነ ዋይፋዩን ትቶ ማሽኑን ከራውተሩ በገመድ ማያያዝ፣ በስልክ ዳታ ከሆነ ሕዝብ ሁሉ ቪዲዮ ከሚከፍትበት የምሽቱ ሰዓት መሸሽ ይረዳል። ማለዳ የሚነሳ ሰው በዚህ ይጠቀማል።

ወደ ደረጃው እንምጣ። የአብዛኛው ደረጃ አሰጣጥ አባት ቼዝ ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ያወጣውን ቀመር የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 ተቀበሉት። በቀመሩ መሠረት ሁለት ተጫዋቾች በ200 ነጥብ ከተለያዩ የበላዩ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ያህል፣ በ400 ከተለያዩ ከ11 አሥሩን ያህል እንዲያሸንፍ ይጠበቃል። ከተጠበቀው በላይ ላመጣ ነጥብ ይጨመርለታል፣ ከታች ላመጣ ይቀነስበታል። ማይክሮሶፍት በ2005 እ.ኤ.አ. ለኤክስቦክስ ያዘጋጀው ትሩስኪል በዚህ ላይ ሁለተኛ ቁጥር አከለ፤ ስለ ሰውየው ችሎታ የተያዘው ግምት ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚናገር። አዲስ ገቢ በ25 ይጀምራል፣ ጥርጣሬው ደግሞ 8.33 ነው። የሚታየው ደረጃ የሚገኘው ከግምቱ ላይ የጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ተቀንሶ ስለሆነ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ዜሮ ያየ ልጅ ተንቆ አይደለም፤ ገና አልታወቀም።

የመኪና ውድድር ደግሞ ሰውን ቶሎ ያሳውቃል። ስምንት መኪና አንድ ዙር ውድድር ሲጨርስ ቅደም ተከተሉ 28 የአንድ ለአንድ ፍርድ በውስጡ ይዟል። የትሩስኪል ሠሪዎች ስሌት እንደሚለው የአንድን ተጫዋች ችሎታ ለመለየት በትንሹ፣ ሁለት ሰው በሚጋጠምበት ጌም 12 ጨዋታ፣ ስምንት ለስምንት በቡድን ሲሆን 91፣ ስምንት ሰው ለየራሱ ሲሮጥ ግን 3 ብቻ ይበቃል። ለምደባ ውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሩጫዎች ተጫዋቹን ከአንዱ ሊግ አንስተው ሌላው ውስጥ ይጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየደነደነ ይሄዳል፣ ለመነቃነቅም ብዙ ድል ይጠይቃል። መብራት እየመጣ በሚሄድበት ምሽት ምደባ መጀመር እንግዲህ ሞኝነት ነው። ከመስመር መውጣት በብዙ ሊጎች እንደ መጨረሻ መውጣት ይቆጠራል፤ ሲስተሙ ደግሞ የትራንስፎርመርን ጥፋት ከነጂ ጥፋት አይለይም።

አንዳንዱ «እንዲህማ ከሆነ ደረጃው ውሸት ነው» ይላል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። ቁጥሩ የሚመዝነው ሰውየውን ከነመስመሩ ነው፤ ያ ሰው በዚያ መስመር ነገ ስንተኛ እንደሚወጣ ደህና አድርጎ ይተነብያል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ፈጣን እጅ ያለው ልጅ በኔትወርኩ ምክንያት ታችኛው ሊግ ውስጥ ሲመደብ፣ የሚሮጠው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ቦውሊንግ ኳስ ከሚወረወሩት ጋር ነው። ከዚያ መውጫው ፍጥነት ብቻ አይሆንም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኦንላይን ውድድር ጌም አይሬሲንግ ለዚህ መልስ አለው። እያንዳንዱ ነጂ ሁለት ቁጥር ይይዛል። አንዱ ከ1350 የሚነሳው የውጤት ነጥብ ነው፤ ሌላው የደኅንነት ነጥቡ ሲሆን መንጃ ፈቃዱን ከሩኪ ወደ ዲ፣ ሲ፣ ቢ እና ኤ የሚያሳድገው እሱ ነው። ከመንገድ መውጣት 1፣ መኪናውን መቆጣጠር ማቃት 2፣ ከሌላ መኪና ጋር ክፉኛ መጋጨት 4 የጥፋት ነጥብ ያስቆጥራል። ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ተገጪም እኩል ይቀጣል። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል፣ ለከፍተኛ ፒንግ ነጂ ግን የተሻለው ፍርድ እሱ ነው፤ ማን ገጨ የሚለው ክርክር በሁለት በማይመሳሰሉ ስክሪኖች ላይ መቼም አይፈታምና። የፕሌይስቴሽኑ ግራን ቱሪስሞ ስፖርትም በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነጂነትንና የጨዋነትን ደረጃ ለየብቻ ይዞ መጥቷል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኔትወርኩ የማይገባበትን ውድድር መምረጥ ነው። ብቻን ከሰዓት ጋር የሚሮጥበት የጊዜ ሙከራ የሚካሄደው በተጫዋቹ በራሱ ማሽን ላይ ነው፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ያለቀ ሰዓት ነው። ሄዶ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ማንንም አይጎዳም። ኒሳንና ሶኒ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመሩት፣ የጌም ተጫዋቾችን ለእውነተኛ የመኪና ውድድር ያበቃ የነበረው ጂቲ አካዳሚ ተወዳዳሪ የመለመለው በዚህ በር ነበር። የመጀመሪያው አሸናፊ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ በ2011 በሌ ማን 24 ሰዓት ከመደቡ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ከ90,000 ያህል ተመዝጋቢዎች መካከል የተመረጠው ብሪታንያዊው ያን ማርደንቦሮ በኋላ ፊልም ተሠርቶለታል። ስልክ ብቻ ላለው ደግሞ የፊንላንዱ ፊንገርሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሂል ክላይምብ ሬሲንግ 2 አለ፤ አብረው የሚሮጡት የሌሎች ተጫዋቾች ተቀድተው የተቀመጡ ሩጫዎች ስለሆኑ የፒንግ ነገር አይነሳም። ይህን ጌም ንቆ የሚያልፈው ይኖራል። አይናቁት፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጋዝ መመጠንን እንደ እሱ የሚያስተምር ጥቂት ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤትም አለ። በኢትዮጵያ ከተሞች እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው የእግር ኳስ ጌም ቤቶች ናቸው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ ያለው መካነ ሰላም እንደመሆኑ ወጣት በከተማዋ አይጠፋም። ግራን ቱሪስሞ 7 ያለው ቤት ከተገኘ ግን ጌሙ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ያሽቀዳድማል፤ እዚያ ጎን ለጎን ወደ ኩርባ መግባትን ያለ ምንም መዘግየት መለማመድ ይቻላል።

የባንዲራው ነገር ያናድዳል። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት የሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ተጫዋቾች የሌላ አገር ስም መርጠው ይገባሉ። ብራዚላዊው ኢጎር ፍራጋ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ሚካይል ሂዛል በ2019፣ ጃፓናዊው ታኩማ ሚያዞኖ በ2020 ያሸነፉት የግራን ቱሪስሞ የአገሮች ዋንጫ ነጂውን በአካውንቱ አገር ስም ነው የሚያሰልፈው። ስለዚህ የቦረና ልጅ እዚያ መድረክ ላይ ቢደርስ እንኳ ከስሙ አጠገብ የሚውለበለበው የሌላ ሰው ባንዲራ ነው። የሚቀረው የጌም ስሙ ነው። ለወሎ ሰው ይህ ባዳ አይደለም፤ ፈረሰኞቹን ይዞ አድዋ የዘመተው ራስ ሚካኤል በፈረሱ ስም አባ ሻንቆ ይባል ነበር፣ ምኒልክም አባ ዳኘው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደረጃ ምን ይሆናል? ማርክ ግሊክማን በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግሊኮ የተባለው ዘዴ ነጥቡን ባለበት ይተወዋል፤ ሰውየው በጠፋበት ልክ የሚያድገው ጥርጣሬው ነው። ተመልሶ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶቹ ቁጥሩን በኃይል ወዲያ ወዲህ ያደርጉታል። ከረጅም መቋረጥ የተመለሰ ተጫዋች እንግዲህ እንደ አዲስ ተመዳቢ ማሰብ አለበት፤ እጁ እስኪፍታታ ከሰዓት ጋር ብቻ ይሮጣል፣ ደረጃ ያለበትን ውድድር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

መስመር የሚከዳው ደግሞ የደጋውን ልጅ ብቻ አይደለም። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሌ ማን ቨርቹዋል 24 ሰዓት የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ ማክስ ቨርስታፐን እየመራ ሳለ ከሰርቨሩ ተቆረጠ፤ የእሱ ቡድን ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፣ እሱም በአዘጋጆቹ ላይ ቁጣውን በአደባባይ ተናገረ።

የግል ሊግ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሰርቨሩን ራሳቸው ተከራይተው ቦታውን የመምረጥ ዕድል አላቸው። አማዞን በ2019 እ.ኤ.አ. በባሕሬን የዳታ ማዕከል ከፍቷል፤ ባሕሬን ከመካነ ሰላም በቀጥታ መስመር 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ብርሃን ደርሶ የሚመለሰው በ21 ሚሊ ሰከንድ ነው። ካርታ ላይ ቅርብ መሆን ግን በኬብል ቅርብ መሆን ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ መልእክት ጎረቤት ለመድረስ አውሮፓን ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ከመመዝገቡ በፊት አዘጋጁን ሰርቨሩ የት እንደሆነ፣ ከስንት በላይ ፒንግ እንደሚያስባርር፣ መስመር የተቆረጠበት ነጂ ተመልሶ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሰርቨሩን አድራሻ ካገኘም ውድድሩ በሚካሄድበት ሰዓት ለተወሰኑ ምሽቶች ፒንጉን ይለካል፣ ትንሹን ብቻ ሳይሆን ትልቁንም ቁጥር እየመዘገበ።