ቤቱና ከደጅ የቀረው ሰው፤ ስለ ኤድጋር ራይትስ የቴሌቪዥን ድራማዎች የቀረበ ሒስ

በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በቴሌቪዥን የሚቀርበውን የቤተ ሰብ ድራማ ብዙ ምሁራን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጥሩታል። ምክንያታቸውም የታወቀ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉና ሲታረቁ፣ ልጅ ሲወለድና አያት ሲሞት ማየት ከጎረቤት ወሬ አይለይም ይላሉ። ይህ አስተያየት በብዙ ሥራዎች ላይ ሲደርስ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አንድ ሰው የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ ከሃምሳ ሰዓት በላይ በሚፈጅ ድራማ አቅርቦ፣ በዚያም የሕዝቡን ኅሊና ለመመርመር ከበቃ፣ ጉድለቱ የሠሪዎቹ እንጂ የሥራው ዐይነት አለመሆኑን መቀበል ግድ ይሆናል። ይህ ሰው ጀርመናዊው ዲሬክተር ኤድጋር ራይትስ ነው።

ራይትስ በ1932 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሁንስሩክ በተባለው በጀርመን ምዕራባዊ ደጋማ አገር፣ ሞርባኽ በምትባል ስፍራ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ አገሩን ትቶ ወደ ሙኒክ ሄደ። በ1962ም በኦበርሃውዘን ከተማ አሮጌውን የጀርመን ፊልም ሽረን አዲስ እንሠራለን ብለው ከፈረሙት 26 ሰዎች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ በ1978 ያወጣው «የኡልሙ ልብስ ሰፊ» የተባለው ፊልም ከተመልካችም ከሐያስያንም ዘንድ ሞገስ ሳያገኝ ቀረ። በጥር 1979 ደግሞ አሜሪካኖች ስለ አይሁድ መፈጀት የሠሩት «ሆሎኮስት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ታየ። አገሩም በሙሉ ተናወጠ። ራይትስ ግን ድራማውን አልወደደውም። የገዛ ታሪካችንን ባዕድ በገበያ መልክ አዘጋጅቶ ሸጠልን ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ። ከዚያም ከደራሲው ፔተር ሽታይንባኽ ጋር ተባብሮ፣ የአገሩን ሰዎች ኑሮ ራሱ ለመተረክ ተነሣ። ውጤቱ በ1984 የታየው ባለ 11 ክፍሉ «ሃይማት» ነው።

የሥራው ስም ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። «ሃይማት» ማለት በእኛ ቋንቋ «አገር» እንደ ማለት ነው። «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የመንግሥቱን ስም ሳይሆን የተወለደበትን ቀዬ እንደሚጠራ፣ ጀርመኖችም በዚህ ቃል የሚያስቡት የእናት ቤትን፣ የመንደር መንገድንና የልጅነት ወዝን ነው። ዳሩ ግን ናዚዎች ቃሉን ለክፉ ዓላማቸው መሣሪያ አድርገውት ነበር። ከጦርነቱም በኋላ በ1950ዎቹ የተሠሩ ፊልሞች ተራራና አበባ ብቻ እያሳዩ እንደ ማር አጣፈጡት። ስለዚህ ራይትስ ይህን ቃል ለርእስነት ሲመርጥ የቈሸሸ ዕቃ አንሥቶ ለማጠብ እንደ መሞከር ነበር። እጥበቱ ተሳክቶለታል ወይ? የዚህ ሒስ ጥያቄ ይህ ነው።

ታሪኩ ሻባኽ በተባለች የፈጠራ መንደር ከ1919 እስከ 1982 ይዘልቃል። የአንጥረኛው ልጅ ፓውል ሲሞን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማሪያን ያገባል፤ ሁለት ልጆች ይወልዳል፤ በ1928 አንድ ቀን ምንም ሳይናገር ከቤት ወጥቶ ይሄዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ በአሜሪካ ሀብታም ሆኖ መኖሩ ይታወቃል። ማሪያ ግን እዚያው ትቀራለች። ተዋናይቷ ማሪታ ብሮየር ይህችን ሴት ከኮረዳነት እስከ 82 ዓመት ሽምግልና ድረስ ስትጫወት፣ ፊቷ የመንደሩ የታሪክ መዝገብ ይሆናል። ከዕውቅ ተዋንያን ጋር የሁንስሩክ ገበሬዎች ራሳቸው በአገራቸው አነጋገር ይጫወታሉ። ሥዕሉ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ቀለም በድንገት ይመጣል፣ በድንገትም ይሄዳል፤ የሰው ትዝታ እንደሚያደርገው።

የተከታታይ ድራማ ኀይሉ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የማሪያ ሁለተኛ ልጅ ኤርንስት፣ አገሩ ሀብታም ከሆነ በኋላ ከገበሬዎች ቤት አሮጌውን በርና የእንጨት ሥራ እየገዛ ለከተማ መጠጥ ቤቶች ማጌጫ ይሸጣል። ይህ ነገር በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ቢታይ እንደ ተራ ንግድ በታለፈ ነበር። እዚህ ግን ተመልካቹ በእነዚያ በሮች ሙሽራ ሲገባና ሬሳ ሲወጣ ለብዙ ሰዓታት አይቷል። ስለዚህ በሩ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ የገዛ ቤቱ የፈረሰ ያህል ይሰማዋል። የታሪኩ ትዝታ ከባለ ታሪኮቹ አልፎ የተመልካቹ ሆኗል። ይህን ያህል ጊዜ ለመስጠት የሚችለው ደግሞ በክፍል በክፍል የሚቀርብ ድራማ ነው።

ሆኖም በዚህ ሥራ ላይ ከባድ ክስ ቀርቦበታል። ጀርመኖች ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ምስኪን ገበሬ ነው፤ የተፈጁት አይሁድ ግን ወዴት አሉ? ተብሎ ተጠይቋል። ክሱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመላው ትረካ ውስጥ የአይሁድ መከራ የሚታየው በዳር በዳር ነው። ኤስ ኤስ ከተባለው የናዚ ጦር ወገን የሆነው ቪልፍሪድ፣ አይሁድ እየተፈጁ መሆኑን የሚጠቁም ቃል በጭውውት መካከል ያመልጠዋል፤ ካሜራውም ብዙ ሳይቈይ ወደ ቤተ ሰቡ ጉዳይ ይመለሳል። ራይትስን የሚደግፉ ሰዎች፣ የመንደሩ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ያህል ብቻ ነበረና ልክ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ መልስ አንረካም። ዲሬክተሩ የመንደሩ ሰው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ከመንደሩ የሚበልጥ ዐይን አለው። ጎረቤት ያላየውን የማሳየት ነጻነት እያለው ካላሳየ፣ ዝምታው የጎረቤት ብቻ ሊባል አይችልም።

ቢሆንም ከሳሾቹ ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ሥራውን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ የሲሞን ቤት ሰውን ሲሰበስብ ብቻ ሳይሆን ሲያባርርም ያየዋል። ፓውል የሚወዳት አፖሎኒያ ከፈረንሳይ ወታደር በመውለዷ መንደሩ ያሳድዳታል። የፓውል እናት ካታሪና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ ከተማ ሄዳ፣ ኮሚኒስት የሆነው ዘመዷ በንጋት ተይዞ ሲወሰድ ታያለች። ማሪያ በብቸኝነቷ ዘመን የወደደችው መንገድ ሠሪው ኦቶ እናቱ አይሁዳዊት በመሆኗ ከሥራው እድገት ይታገዳል፤ በኋላም ፈንጂ ሲያከሽፍ ይሞታል። ፓውል ራሱ በ1939 እስከ ሐምቡርግ ወደብ መጥቶ፣ የአርያን ዘር ማስረጃ ስለ ጐደለው ከመርከቡ እንዳይወርድ ይከለከላል። ከጦርነቱ በኋላም ማሪያና የበኵር ልጇ አንቶን፣ ትንሹ ሄርማን በዕድሜ የምትበልጠውን ክሌርሽንን በመውደዱ በማስፈራራት ይለያዩአቸዋል። እንግዲህ ደግ፣ ታጋሽና ታታሪ የሆነችው ማሪያ እንኳ ሰውን ከደጅ ለማስቀረት እጇን አንሥታለች። መንደሩን በማር ለመሸፈን የተነሣ ሰው ይህን አይጽፍም ነበር።

የማሪያ ቤት ያባረረው ሄርማን የሁለተኛው ሥራ ባለ ታሪክ ሆነ። በ1992 የታየው «ሁለተኛው ሃይማት» 13 ክፍሎች ያሉትና 25 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። ሄርማን ሁለተኛ ላይወድ፣ ወደ እናቱ ቤት ላይመለስና ሙዚቃን አገሩ ሊያደርግ ምሎ በ1960 ሙኒክ ይገባል። ሄንሪ አርኖልድ ሄርማንን፣ ሳሎሜ ካመር ደግሞ የሚወዳትንና የምታመልጠውን ክላሪሳን ይጫወታሉ። እዚህ ቀኑ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የሚመጣው በሌሊት ነው። ወጣቶቹ ከዘመድ ቤት ወጥተው፣ «የቀበሮ ጉድጓድ» በተባለ አሮጌ ቪላ ውስጥ በወዳጅነት ሌላ ቤተ ሰብ ይመሠርታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ሙዚቃና ፍቅር የተሞላበት ቪላ፣ ኋላ እንደምንረዳው፣ በናዚ ዘመን ከአንድ አይሁዳዊ የመጻሕፍት አሳታሚ እጅ የወጣ ቤት ነው። እናቷን ናዚዎች ያጠፉባት ኤስተር የተባለች ሴት መጥታ በሩን ታንኳኳለች። በመጀመሪያው ሥራ በዳር የቀረው ጥያቄ በሁለተኛው ውስጥ በቤቱ መሠረት ሥር ተገኘ። ተመልካቹ ለብዙ ሰዓት የወደደው ቤት የማን እንደ ነበረ ሲያውቅ፣ የራሱ ደስታ ይጠየቅበታል። ራይትስ ይህን ያደረገው ለከሳሾቹ መልስ ብሎ እንደ ሆነ አንናገርም፤ ሥራው ግን መልስ ሆኗል። በእኛ ግምት ከሁሉም የላቀው ድርሰቱ ይህ ነው፤ ቤትን መውደድና የቤቱን ባለ ዕዳነት ማወቅ በአንድ ላይ የተገናኙት እዚህ ነውና።

በ2004 የታየው ባለ 6 ክፍሉ «ሃይማት 3» ከዚህ ያንሳል። ሄርማንና ክላሪሳ የበርሊን ግንብ በተከፈተበት በኅዳር 1989 ሌሊት እንደ ገና ይገናኛሉ፤ ከራይን ወንዝ በላይ የቆመ አሮጌ ቤት ገዝተው ከምሥራቅ ጀርመን በመጡ ሠራተኞች ያሳድሱታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሞቱና አደጋው ይበዛል፤ የዘመኑ ወሬ ሁሉ በቤቱ በር ካልገባሁ ይላል። በመጀመሪያው ሥራ ታሪክ እንደ ጤዛ ቀስ ብሎ በሰው ላይ ይወርድ ነበር፤ በዚህኛው ግን እንደ ዶፍ ይጥላል።

በ2013 ያወጣው «ሌላው ሃይማት» የተባለው ፊልም ግን የቀድሞውን ትዕግሥት መልሶታል። ዘመኑ በ1840ዎቹ ነው። ረኀብና የገዦች ጭቈና ያስመረረው የሁንስሩክ ሕዝብ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ብራዚል ይሰደዳል። መጻሕፍት ወዳዱ ያዕቆብ ሲሞን የሩቁን አገር ሕዝብ ቋንቋ ሳይቀር እያጠና ለመሄድ ይመኛል፤ የሚሄደው ግን ወንድሙ ነው፤ ያዕቆብ ከእናት ከአባቱ ጋር ይቀራል። የእነዚያ የጋሪ ተጓዦች ልጅ ልጆች ዛሬ የሌላውን ስደተኛ ፊት በምን ዐይን ማየት እንዳለባቸው ፊልሙ ስብከት ሳይጨምር ይናገራል።

የራይትስን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቤተ ሰብን መውደድ ለደራሲም ለዲሬክተርም አያስቸግርም፤ የምድጃው ሙቀትና የእናት ድምፅ ራሳቸው ይረዱታል። የሚያስቸግረው ያን ሙቀት ሳያጠፉ በሩን ከፍቶ፣ ከውጭ የቀረውን ሰው ማሳየት ነው። ራይትስ በመጀመሪያው ሥራው በሩን በጥቂቱ ገርበብ አደረገው፤ በሁለተኛው በሰፊው ከፈተው። ለዚህም የስምንት ዓመት ልፋት ጠየቀው። በቋንቋችንም የቤተ ሰብ ድራማ ለመጻፍና ለማዘጋጀት የሚደክሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራቸውን ለተመልካች ከማቅረባቸው በፊት በዚህ ሚዛን ቢመዝኑት ደግ ነው። በድራማው ቤት ውስጥ ስንት ሰው በሰላም ተቀመጠ ብቻ ሳይሆን፣ እነርሱ እንዲቀመጡ ማን ተነሣ? ብለው ይጠይቁ።