የመስተዋቱ ስባሪ፦ «የበረዶዋ ንግሥት» አዲስ ፊልም የሚገባት ለምንድን ነው?

ታናሽ እህት ያላችሁ አንባቢዎች ኤልሳን ሳታውቋት አትቀሩም። በትምህርት ቤት ቦርሳ፣ በውኃ ኮዳ፣ በልደት ኬክ ላይ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባዋን በትከሻዋ ላይ ጥላ ታዩአታላችሁ። ዲዝኒ በ2013 ያወጣው «ፍሮዝን» የተባለው አኒሜሽን ፊልም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ተብሎም ኦስካር ተሸልሟል። ፊልሙ ሲያልቅ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ውስጥ ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ስም አለ፤ ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን።

አንደርሰን በ1805 በዴንማርክ፣ ኦደንሰ በምትባል ከተማ፣ ከድኻ ጫማ ሠሪ አባትና ልብስ አጣቢ ከነበረች እናት ተወለደ። በ1844 «የበረዶዋ ንግሥት» የተሰኘችውን፣ በሰባት ክፍል የተጻፈች ረዘም ያለች ተረት አሳተመ። የ«ፍሮዝን» መነሻ እርሷ ናት። መነሻ ብቻ ግን! ተረቱን አንብቦ ፊልሙን የሚያይ ሰው ከበረዶው፣ ከንግሥቲቱና ከአንድ አጋዘን በቀር የሚያውቀው ነገር እምብዛም አያገኝም።

እንደ ሲንደሬላ ያሉት ተረቶች ተደጋግመው ተሠርተዋል፤ ይበቃቸዋል። «የበረዶዋ ንግሥት» ግን ስሟ ብዙ ተጠርቶ ልቧ ገና በስክሪን ላይ ያልታየ ተረት ናት። አዲስ አኒሜሽን ይገባታል የምለው ለዚህ ነው። ጉዳዩ የፊልም ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ፣ እኛንም በቀጥታ እንደሚነካ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ተረቱን ላላነበባችሁ ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ከክፉዎች ሁሉ የከፋ አንድ ፍጥረት፣ አንደርሰን ራሱ ዲያብሎስ የሚለው፣ መስተዋት ይሠራል። በመስተዋቱ ውስጥ መልካምና ውብ የሆነው ሁሉ ተኮማትሮ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ክፉውና አስቀያሚው ግን ጎልቶ ይወጣል። ያማረ መልክዓ ምድር የተቀቀለ ቆስጣ ይመስላል። ደቀ መዛሙርቱ በእግዚአብሔርና በመላእክት ለመሳለቅ መስተዋቱን ወደ ሰማይ ይዘውት ሲወጡ ከእጃቸው ያመልጥና ምድር ላይ ተከስክሶ ቁጥር ስፍር የሌለው ስባሪ ይሆናል። ስባሪው በሰው ዓይን ሲገባ ሰውየው የሚያየው የነገሩን ሁሉ ጉድለት ብቻ ነው። በልቡ ሲገባ ደግሞ ልቡ በረዶ ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ዲያብሎስን ከሳሽ ብሎ እንደሚጠራው (ራእይ 12፥10) ለምናውቅ ሰዎች ይህ መስተዋት ሥራው እንግዳ አይደለም።

ካይና ገርዳ ጎረቤታሞች የሆኑ የድኻ ልጆች ናቸው። በሁለቱ ቤቶች ጣሪያ መካከል ወላጆቻቸው በሣጥን የተከሉት ጽጌረዳ አለ። በሥሩ ተቀምጠው ስለ ጽጌረዳና ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ የሚናገር መዝሙር ይዘምራሉ። መዝሙሩ የተወሰደው በ18ኛው መቶ ዘመን ከኖረው የዴንማርክ ጳጳስና የመዝሙር ደራሲ ከሀንስ አዶልፍ ብሮርሰን ነው። አንድ ቀን ካይ «ልቤን ወጋኝ! ዓይኔም ውስጥ አንድ ነገር ገባ!» ብሎ ይጮኻል። ገርዳ ዓይኑን ብታይ ምንም የለም። እርሱም የወጣለት ይመስለዋል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ በሉ። ካይ ወዲያው ጭራቅ አይሆንም። መጀመሪያ «ይህቺ ጽጌረዳ ተል በልቷታል፤ ያቺኛዋ ደግሞ ጠማማ ናት» ይላል፤ ሣጥኑን ይመታል፤ አበቦቹን ይቀነጥሳል። አያቱ ታሪክ ሲነግሩ «ግን» የምትለዋን ቃል ይዞ ይመጣል፤ ከኋላቸው ቆሞ መነጽር አድርጎ ልክ እንደ እርሳቸው ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩን ሰው ሁሉ አረማመድና አነጋገር እያስመሰለ ያስቃል። ሰዉም «ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው!» ይላል። ከዚያ የበረዶ ብናኝ በአጉሊ መነጽር አይቶ ከእውነተኛ አበባ ይልቅ ይህ ያምራል ይላል፤ አንድም እንከን የለበትምና። ንግሥቲቱ በሠረገላዋ ስትወስደው ፈርቶ አባታችን ሆይን ለመጸለይ ይሞክራል። ወደ አፉ የሚመጣለት ግን የማባዣ ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

እኔ በዓለም ተረቶች ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ትዕይንት የለም። ንግሥቲቱ ስትስመው ልቡ አስቀድሞ በግማሽ በረዶ ሆኗል። በረዶውን ያመጣችው እርሷ አይደለችም፤ የመጣችው የተዘጋጀ ልብ አግኝታ ነው። ካይም መታመሙን አያውቅም፤ እንዲያውም የነቃ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንመለስ። ከሁሉ ይልቅ ወደ ተረቱ የቀረበው በ1957 በሶቭየት ኅብረት፣ በሶዩዝሙልትፊልም ስቱዲዮ፣ በሌቭ አታማኖቭ አዘጋጅነት የተሠራው ነው። እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ ታላቁ የጃፓን አኒሜሽን ሠሪ ሀያዎ ሚያዛኪ በሥራው ላይ ተጽዕኖ ካሳደሩበት ፊልሞች አንዱ ይህ መሆኑን ተናግሯል። የገርዳ ታማኝነትና እንባዋ በፊልሙ ውስጥ አሉ። መስተዋቱ ግን የዲያብሎስ መሆኑ ቀርቶ የንግሥቲቱ ሆኗል። ካይ «ብትመጣ ምድጃ ላይ አስቀምጬ አቀልጣታለሁ» ብሎ ሲቀልድ ሰምታ ተቆጥታ ትሰብረዋለች። ስለዚህ ካይ የአንዲት ቂመኛ ሰለባ ብቻ ሆነ። አባታችን ሆይም፣ የሕፃኑ ኢየሱስ መዝሙርም የሉም። እምነትን ከአደባባይ ባገለለ ሥርዓት ውስጥ እንደ መሠራቱ ይህ ሊገርመን አይገባም።

«ፍሮዝን»ን ደግሞ ያለ አድልዎ እንመዝነው። አና ራሷ ልትድን የምትችልበትን ዕድል ትታ ለእህቷ በሰይፍ ፊት የምትቆምበት ትዕይንት ለማንኛውም የወንጌል አማኝ የሚናገረው ነገር አለው። እውነተኛ ፍቅር የመሳም ጉዳይ ሳይሆን ራስን የመስጠት ጉዳይ ነው ያለ የልጆች ፊልም ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የ«ፍሮዝን» በሽታ ፍርሃት ነው፤ የአንደርሰን በሽታ ፌዝ ነው። ኤልሳ መታመሟን ታውቃለች፤ እጇን በጓንት ትሸፍናለች፤ በር ዘግታ ታለቅሳለች። ካይ ግን ይስቃል፤ ሰውም አብሮት ይስቃል። ለፈሩ ልጆች ጥሩ ፊልም ተሠርቶላቸዋል። በፌዝ ለቀዘቀዙት ግን ገና አልተሠራላቸውም።

አዲሱ ፊልም ቢሠራ ሊቆርጣቸው የማይገቡ ሦስት ነገሮች አሉ እላለሁ።

አንደኛው ጸሎቱ ነው። ገርዳ ጫማና ጓንት ሳይኖራት በንግሥቲቱ ግዛት ብቻዋን ትቀራለች። የበረዶ ብናኞች ሕይወት ዘርተው እንደ ሠራዊት ይመጡባታል። እርሷ አባታችን ሆይ ትላለች። ብርዱ የጸና ስለሆነ ትንፋሿ እንደ ጭስ ይታያል፤ ያ ትንፋሽ እየወፈረ ራስ ቁር የደፉ፣ ጦርና ጋሻ የያዙ መላእክት ይሆናል። ጸሎቷን ስትጨርስ ዙሪያዋን ከብበዋት ቆመዋል። ጠላትን በትነው እጅና እግሯን ይዳብሳሉ፤ ብርዱም ይቀልላታል። አኒሜሽን የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይደለምን? ጸሎት በዓይን አይታይም፤ ትንፋሽ ግን ይሣላል። በዚያ ቦታ ከፍ ያለ ሙዚቃ አልጨምርም ነበር፤ የአንዲት ልጅ ድምፅ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው የንግሥቲቱ አለመኖር ነው። ገርዳ ቤተ መንግሥቱ ስትደርስ ንግሥቲቱ የለችም፤ የእሳተ ገሞራ ተራሮችን ጫፍ በበረዶ ልታለብስ ሄዳለች። የመጨረሻ ውጊያ የለም! የዛሬ ስቱዲዮ ይህን አይቶ ዝም ማለት ያቅተዋል፤ የሰይፍና የመብረቅ ግጥሚያ ይጨምርበታል። ገርዳ የመጣችው ግን ንግሥቲቱን ልታሸንፍ ሳይሆን ወንድሟን ልትፈልግ ነው። ካይን የምታገኘው በብርድ ጠቁሮ፣ ከበረዶ ቁርጥራጭ «ዘላለም» የሚለውን ቃል ለመገጣጠም ሲታገል ነው። ቢሳካለት ንግሥቲቱ ዓለሙን ሁሉና አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ልትሰጠው ቃል ገብታለታለች። ዓለሙን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ስለሚያጎድል ሰው ጌታ የጠየቀውን ጥያቄ (ማቴዎስ 16፥26) የምታስታውሱ አንባቢዎች ወዴት እንደማመራ ገብቷችኋል።

ሦስተኛው ካይ የዳነበት መንገድ ነው። ገርዳ አትገሥጸውም፤ አትከራከረውም። ታቅፈዋለች፤ ታለቅሳለች። እንባዋ ደረቱ ላይ ሲወርድ ልቡን ያቀልጠዋል። ከዚያ የድሮውን መዝሙር ትዘምራለች፤ እርሱም ያለቅሳል፤ የዓይኑን ስባሪ የገዛ እንባው አጥቦ ያወጣዋል። በዙሪያቸው ያለው በረዶ ሳይቀር በደስታ ይጨፍራል፤ ደክሞት ሲያርፍም ካይ ሊገጥመው ያልቻለው ቃል ተገጥሞ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስል ተረቱ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። በሦስተኛው ክፍል አበቦቹ ተራ በተራ የሚያወሩት ታሪክ ጉዞውን ያጓትተዋል፤ አዘጋጅ ቢያሳጥረው አልቀየመውም። ሌላም አለ። አንዲት የፊንላንድ ሴት «ይህቺ ልጅ ካላት የሚበልጥ ኃይል ልሰጣት አልችልም» ትላለች፤ ኃይሏ በንጹሕ ልቧ ነው በማለት። እኛ የሰው ልብ በራሱ ንጹሕ እንዳልሆነ ከቃሉ ተምረናል። ግን አስተውሉ፤ ገርዳ ጭንቅ በመጣባት ጊዜ በልቧ አልተመካችም፤ አባቷን ነው የጠራችው። አንደርሰን በአንዱ ገጽ የተናገረውን በሌላው ገጽ ያረመ ይመስለኛል።

«አማኝ በተረት ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከተረት እንዲርቅ መክሮታል (1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7)፤ ያ ግን የእውነትን ቦታ ስለሚወስድ ወሬ ነው። ተረት ነኝ ብሎ የሚመጣ ተረት ማንንም አያታልልም። ኢዮአታም ስለሚነጋገሩ ዛፎች ተርቷል (መሳፍንት 9)፤ ናታን በአንዲት በግ ታሪክ ንጉሥ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ አድርጓል። እንዲያውም የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ፊልሙን ሠርቶ በየመካከሉ ሰባኪ ቢያስገባበት ነው። ተረቱ ስብከት አያስፈልገውም። ጸሎቱን አትቁረጡበት፤ ይበቃዋል።

ለምን ይህን ያህል እንደተቆረቆርኩ ልንገራችሁና ላብቃ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ አጥቢያችን በተመለስኩ ሰሞን ዓይኔ ውስጥ ስባሪ ነበረ። የሰባኪውን የሰዋስው ስሕተት እቆጥር ነበር። የመዘምራኑን ድምፅ እተች ነበር። ከኅብረት በኋላ ሻይ ስንጠጣ የአንድ አረጋዊ አባትን ጸሎት ከነሳላቸው አስመስዬ ሳቀርብ ጓደኞቼ በሳቅ ይወድቁ ነበር፤ «አንተ እኮ ልዩ ነህ!» ይሉኝ ነበር። አንዲት እህት ግን በቡድናችን ድምፅ አውጥታ መጸለይ አቆመች። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ምክንያቱን ስጠይቃት «ነገ በእኔም ታስቅብኛለህ ብዬ ነው» አለችኝ። ያን ቀን የምመልስላት አጣሁ። አረጋዊውን አባት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድኩ፤ እርሳቸው ግን ሻይ አስፈልተው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስወጣም በዚያው በተለመደው ድምፃቸው ጸለዩልኝ።

መተቸት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ ይህ ራሱ ሂስ ነው። ካይ ያያት ጽጌረዳም ምናልባት በእርግጥ ተል በልቷት ነበር። በሽታው ጉድለቱን ማየቱ አልነበረም፤ ከጉድለቱ ሌላ ምንም አለማየቱና አበባዋን መቀንጠሱ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናየው አብዛኛው ቀልድ ደግሞ የሰውን አነጋገርና አለባበስ ማስመሰል ነው። «ጭንቅላት አለው» የሚባለውም እርሱ ነው። ስለዚህ ይህቺ ተረት የ1844 ብቻ አይደለችም፤ ፊልም የምትሆንበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው።

ከእናንተ መካከል ሥዕል የምትሥሉ፣ በኮምፒውተር አኒሜሽን የምትለማመዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሙሉ ፊልም መሥራት ብዙ ሰውና ገንዘብ ይፈልጋል። የገርዳን ትንፋሽ ለመሣል ግን አንድ እርሳስና ጥቂት ወረቀት ይበቃል። ከዚያ ጀምሩ። የቀራችሁት ደግሞ ተረቱን ፈልጋችሁ በኅብረታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ ልጆቹ አድገው ቤታቸው ሲደርሱ አያታቸው በፀሐይ ተቀምጠው የሚያነቡት የማቴዎስ ወንጌል 18፥3ን ነው። እዚያ ስትደርሱ መጽሐፉን ዘግታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠያየቁ፦ በዚህ ሳምንት በማን ላይ ሳቅን?