ሰባራውን መጠገን ወይስ ወንዙን ማዳመጥ?

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የተሰበረውን ቦታ ብቻ የሚደፍን ጥገና አያሳምነኝም። አባይ ላይ ሞጣንና እስቴን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ምስክሬ ነው። ይህ የአፄ ፋሲል ዘመን ሥራ የሚባል የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ክፍተቱን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ሥራው ለታሪክ ክብር ሰጥቷል፤ ለክረምት ግን አልሰጠም። ብረቱ ያረፈው በዚያው በድሮው ድልድይ ላይ ስለሆነ በ2005 ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 የተሠራው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ወንዙ ውስጥ እግሩን ሳይተክል ከዳር ዳር ተዘረጋ። አያምርም ይሉታል። እህል ተሸክሞ ገበያ ለሚወርድ ሰው ግን የድልድይ ውበት ነሐሴን ማለፉ ነው።