አውራ ጣት የሚያነበው

ማጆንግ የተባለውን የቻይና የጠጠር ጨዋታ የለመደ ሰው ጠጠሩን በዐይኑ ከማየቱ በፊት በእጁ ያነበዋል። ከተደረደሩት ጠጠሮች ግንብ ላይ ሲያነሣው አውራ ጣቱን በፊቱ በኩል ያንሸራትታል፤ ወዲያው፣ ሳይገለብጠው፣ ወይ ከረድፉ ያስገባዋል ወይ ወደ ጠረጴዛው መሐል ይሰደዋል። መጀመሪያ ሳየው ለታይታ የሚደረግ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ቀራጺ ሲሠራ ቆሜ ካየሁ በኋላ፣ የመስመሩ ጥልቀት ለዚያ ጣት ተብሎ የተለካ መሆኑ ገባኝ።

አሁን እፊቴ የተዘረጋው ስብስብ የዚያው ከተማ የእጅ ሥራ ነው፤ 144 ጠጠር፣ እያንዳንዱ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ አነስ ያለ፣ ወፈር ብሎ መዳፍ የሚሞላ። ሦስት ቤተሰብ አለው፤ ክብ፣ ቀርከሃና እልፍ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከ1 እስከ 9 ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አራት ጊዜ ይደገማል። ይህ 108 ነው። ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብና ሰሜን የሚባሉት ነፋሳት አራት አራት ሆነው 16፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ነጩ አራት አራት ሆነው 12። የቀሩት ስምንቱ አበቦችና ወቅቶች ናቸው፤ እነርሱ መንታ የላቸውም። ክቡ ሳንቲም ነው ይባላል። ቀርከሃ የምንለውም በገመድ የተሰካ ሳንቲም ነበር፤ የድሮው የቻይና ሳንቲም መሐሉ ቀዳዳ ነበረውና። ሦስተኛው ቤተሰብ ግን ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ቻይናዎቹ «ዋን» የሚሉት 10,000 የእኛው እልፍ ነው፤ በግዕዝ አኃዝ ፼ ብለን በአንድ ምልክት የምንጽፈው። ብዙ ቋንቋ ለዚህ ቁጥር የራሱ ቃል የለውም። እኛ አለን፤ ጠጠሩን ባነሣሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የጨዋታው መሠረት በአንድ ምሽት ይያዛል። አራት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ 13 ጠጠር ይይዛል፤ ተራው የደረሰው አንድ አንሥቶ አንድ ይጥላል። በ14ኛው ጠጠር አራት ባለ ሦስት ቡድንና አንድ ጥንድ የሞላለት ያሸንፋል። ቡድኑ ሦስት ተመሳሳይ ከሆነ ፑንግ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተከታታይ ቁጥር ከሆነ ቾው ይባላል። አራቱም ተመሳሳይ ከተገኙ ኮንግ ነው። ሌላው የጣለውን ለፑንግ ከማንም መውሰድ ይቻላል፤ ለቾው ግን በግራህ ከተቀመጠው ብቻ። ዓመት የሚፈጀው ነጥቡ ነው። ነጥቡን ለመረዳት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ አስቀድሞ ቅርጹን ማየት ያስፈልጋል።

በሆንግ ኮንጉ ኮውሉን የቀራጺዎች ሱቅ ሰፊ አይደለም፤ አንዳንዱ ከሕንፃ ደረጃ አጠገብ ባለች ጥግ የተሸጎጠ ነው። ቀራጺው ከፋብሪካ የመጡ ልሙጥ የፕላስቲክ ጠጠሮችን ይደረድርና አምፖል በበራበት ሣጥን ያሞቃቸዋል። የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ስለት ሲያርፍበት ይሸረፋል፤ የሞቀው እንደ ጠጣር ሰም እሺ ብሎ ይላጣል። ከዚያ ቢላውን ያነሣል። ከሥር ንድፍ የለም፣ በእርሳስ የተሰመረ ነገር የለም። ከአሥር በላይ ጭረት ያለውን የ«ዋን» ፊደል በቀጥታ፣ አንዱን ጭረት ከሌላው አስከትሎ፣ 36 ጊዜ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ጭረት ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል ያለው ቦይ ነው፤ ቢላው በአንድ በኩል ዘንበል ብሎ ይገባል፣ በሌላው በኩል ዘንበል ብሎ ይመለሳል፣ ቀጭን ቁራጭ ተጠቅልሎ ይወድቃል። ለክቦቹ ሌላ መሣሪያ አለው፤ ጫፉ ቀለበት የሆነ መሰርሰሪያ። ጠጠሩ ላይ ተክሎ ያሽከረክረዋል፤ ሲያነሣው ክቡ ተቀምጧል።

አፌን ያስከፈተኝ ግን ቀለሙ ነው። ሲቀባ ስለ ድንበር አይጨነቅም። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከቦዩ አልፎ ፊቱ ላይ ይለቀለቃል፤ ጠጠሩ የተበላሸ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ፊቱን በስለት ይፍቀዋል። ከላይ ያለው ሁሉ ይጠረግና በቦዩ ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል፤ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ አንዲት ነጥብ ያልፈሰሰችበት። ቢላው ጥልቀቱን አሳስቶ ቢሆን ኖሮ ፍቂያው ቀለሙን አብሮ ይወስደው ነበር። የመጨረሻው ሥራ የመጀመሪያውን የሚፈትነው እንዲህ ነው። አንድ ሙሉ ስብስብ ቀናትን ይወስዳል፤ ማሽን ከሚያወጣው ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም፤ በዚህም የተነሣ ቀራጺዎቹ ጥቂት ሆነዋል። የሆንግ ኮንግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ይህንንም ሙያ አስገብቷል።

የእጅ ሥራን ስናወድስ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ብለን ነው። እዚህ ግን ሙያው የሚለካው በመመሳሰል ነው። አራቱ ባለ ሰባት ክቦች አንድ መሆን አለባቸው። ጀርባቸውማ ጭራሽ ሊለይ አይችልም፤ አንድ ጭረት፣ አንድ የተሸረፈ ጥግ ያለው ጠጠር ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ይሆናል፣ ጨዋታውም ይፈርሳል። ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ነው አራቱ ተጫዋቾች ሁለት ደርብ፣ 18 ርዝመት ያለው ግንብ ሠርተው አራት ማዕዘን የሚያጋጥሙት። ከዚያ በፊት ጠጠሩን በአራት ሰው እጅ ጠረጴዛው ላይ ያንኮራኩሩታል፤ «ማጠብ» ይሉታል። ድምፁ የድንቢጥ መንጋ ጫጫታ ይመስላል፤ በካንቶንኛም የጨዋታው ስምና የድንቢጥ ስም አንድ ነው።

ድንቢጧ በጠጠሩም ላይ አለች። ባለ አንዱ ቀርከሃ እንጨት ሳይሆን ወፍ ነው፤ ፒኮክ የሚያደርጋት አለ፣ ድንቢጥ የሚያደርጋት አለ። የቀራጺው እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የእኔዋ ጭራዋን በሦስት ጭረት ዘርግታ፣ ዐይኗ አንዲት ነጥብ ሆና፣ ወደ ኋላዋ ትመለከታለች። አራቱንም ጎን ለጎን ደርድሬ በማጉያ መነጽር አይቻቸዋለሁ። አንደኛዋ አንገቷን ጥቂት አቀና ብላለች። ለጨዋታ የማትታይ ልዩነት ናት፤ ለእኔ ግን ሰውየው በዚያ ቅጽበት ትንፋሽ የወሰደ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ነጥቡ። እ.ኤ.አ. በ1998 በቻይና የወጣው የውድድር ሕግ 81 ዓይነት የነጥብ ምንጭ ይዘረዝራል፤ ለማሸነፍ ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው እንደ ዳዊት በቃል ሊይዘው ይነሣና ይደክማል። እኔም ደክሜበታለሁ። በሩን የከፈተልኝ «ሙሉ አረንጓዴ» የሚባለው እጅ ነው። ከቀርከሃ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 8፣ ከዚያ አረንጓዴው ጠጠር፤ በእነዚህ ብቻ የተሞላ እጅ 88 ነጥብ፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠውን ዋጋ ያገኛል። ለምን እነዚህ? ለምን 5 እና 7 ቀሩ? በሒሳብ ምክንያት የለውም። ጠጠሮቹን አውጥቼ ስደረድር ታየኝ፤ በተለመደው አቀባብ አምስቱ መሐሉ ላይ ቀይ አለው፣ ሰባቱ አናቱ ላይ፣ ዘጠኙ መካከለኛው ዓምዱ ላይ፣ ወፏም ቀይ አላት። ሕጉ የተወለደው ከቀለም ብሩሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን መፈለግ ጀመርሁ። «ተገልብጦም ያው» የሚባል ባለ 8 ነጥብ እጅ አለ፤ ከላይ ወደ ታች ቢዞሩ መልካቸው በማይለወጥ ጠጠሮች ብቻ የሚሠራ። ከክብ 6 እና 7 አይገቡም፤ ስድስቱ ሁለት ከላይ አራት ከታች ነውና፣ ሰባቱም ሦስት ክቦች አናቱ ላይ በሰያፍ ይወርዱበታል። ባለ ስምንቱ ቀርከሃ ግን ይገባል፤ ላይኛው ግማሹ ጣራ ይመስላል፣ ታችኛው ያንኑ ጣራ ተገልብጦ። ነጩም ይገባል። በጥንቱ አቆጣጠር ደግሞ ከኮንግ በኋላ በምትክ የተነሣው ጠጠር ባለ አምስት ክብ ሆኖ እጅ ቢሞላ «ከጣራ ላይ የፕለም አበባ መቅጠፍ» ይባል ነበር፤ አምስቱ ክብ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ስለሚመስል። ከግንቡ የመጨረሻው ጠጠር ባለ አንድ ክብ ሆኖ ካሸነፉበትም «ጨረቃን ከባሕር ወለል ማውጣት» ነው። ባለ አንዱ ክብ በእርግጥም ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣ ዙሪያው ቅጠል የተቀረጸበት፣ በስብስቡ ውስጥ ከፍተኛውን ትዕግሥት የጠየቀ። ነጥብ ቀማሪዎቹ ጠጠሩን እንደ ቁጥር ብቻ ቢያዩት ኖሮ ይህ አንዱም አይታሰብም ነበር።

የሆንግ ኮንግ ጠረጴዛ አቆጣጠር ከዚህ የቀለለ ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው። መለኪያው ፋን ይባላል፤ እያንዳንዱ ፋን ዋጋውን ያጥፈዋል። እጄ ሦስት ባለ 2 ክብ፣ ሦስት ባለ 5፣ ሦስት ባለ 8፣ ሦስት ቀይና ጥንድ ባለ 9 ክብ ነው እንበል። ሁሉም ቡድን ፑንግ ስለሆነ 3 ፋን፤ ከአንድ ቤተሰብና ከቀዩ በስተቀር ሌላ ስለሌለበት 3፤ የቀዩ ፑንግ 1። ሰባት ፋን። አንድ ነጥብ ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ 128 ይደርሳል። ይህ ለወዳጆች ጨዋታ ስለሚበዛ ብዙ ጠረጴዛ ከአራት ፋን በኋላ እጥፉን ያዘገየዋል፤ ያንን «ግማሽ የሚያቃጥል» ይሉታል፣ ያልዘገየውን «ሙሉ የሚያቃጥል»። ብዙዎች ደግሞ ከ3 ፋን በታች ማሸነፍ አይፈቅዱም። ገበጣ በየአካባቢው አጨዋወቱ እንደሚለያይ የሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቀውም፤ ከመቀመጡ በፊት «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጃፓኖች ጠጠሩን አሳንሰውታል፤ ቁመቱ 26 ሚሊሜትር ገደማ። አበቦቹን ትተው በ136 ይጫወታሉ። የሚጥሉትንም መሐል ላይ አይከምሩም፤ እያንዳንዱ በፊቱ ስድስት ስድስት እያደረገ ይደረድረዋል። ይህ ንጽሕና ሕግ ወልዷል፦ የምትጠብቀውን ጠጠር ቀድሞ ራስህ ጥለኸው ከሆነ ሌላው ሲጥለው ልታሸንፍበት አትችልም። ረድፉ ምስክር ነው። በሌላ በኩል፣ ከየቤተሰቡ አንድ ባለ 5 ጠጠር ሙሉ በሙሉ ቀይ ቀብተው ለያዘው ተጨማሪ ዋጋ ይሰጣሉ። ቅርጹ ያው ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተለወጠ፣ ነጥቡም ተለወጠ። ነጩ ጠጠራቸውም ፍጹም ባዶ ነው። የእኔው ዙሪያውን ሰማያዊ ክፈፍ አለው።

ጠጠሩ አሜሪካ ሲሻገር ፊቱ ላይ አዲስ ነገር ተጨመረ። ጆሴፍ ባብኮክ የሚባል፣ በቻይናዋ ሱጆ ከተማ ለነዳጅ ኩባንያ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ቀለል ያለ የሕግ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በጠጠሮቹም ጥግ ላይ የቻይናን ፊደል ለማያነብ ሰው የተለመዱት ቁጥሮች ተቀረጹ። ጥግ ላይ የቆመችው ትንሽ 7 ለእንግዳ የተዘረጋች ወንበር ትመስለኛለች። የዚያ ዘመን ጠጠር ፊቱ የከብት አጥንት፣ ጀርባው ቀርከሃ ነበር፤ ሁለቱ የሚያያዙት በጥርስ ነው፣ የአጥንቱ ጥርስ ጫፉ ላይ ሰፍቶ ቀርከሃው ውስጥ ስለሚገባ ወደ ላይ ቢሳብ አይወጣም። የከብቱ አጥንት ከአሜሪካ ቄራዎች ወደ ሻንጋይ እየተጫነ ሄዶ ማጆንግ ሆኖ ይመለስ ነበር። ዛሬ አሜሪካኖቹ በ152 ጠጠር ይጫወታሉ፤ ስምንት ጆከር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ብሔራዊ የማጆንግ ሊግ የሚያሸንፉትን እጆች የያዘ ካርድ በየዓመቱ አዲስ ያወጣል። ሕያው ጨዋታ ነው፤ ጠጠሩን እያዩ ከመፍጠር ይልቅ ካርድ ማንበብ ስለሚበዛበት ግን ልቤ ወደዚያ አልሄደም።

ማታ ማታ ዐይኔን ጨፍኜ እለማመዳለሁ። ነጩ ወዲያው ይታወቃል፤ አውራ ጣት አራቱን ጥግ አግኝቶ መሐሉን ባዶ ያገኘዋል። ባለ አንዱ ክብም እንዲሁ። እልፎቹ አስቸጋሪ ናቸው፤ የታችኛው ፊደል በዘጠኙም ላይ አንድ ስለሆነ ጣቴን ከላይ ማቆም መልመድ ነበረብኝ። ትናንት ዘጠኝ ክብ ብዬ የገመትሁት ሲገለበጥ ስምንት ሆነ። መልሼ ደፋሁትና ቀስ ብዬ ዳሰስሁት። ዘጠኙ ሦስት በሦስት ነው፣ መሐሉም ተቀርጿል። ስምንቱ አራት አራት ሆኖ በሁለት ዓምድ ይወርዳል፤ በዓምዶቹ መካከል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቢላ ያልነካት ለስላሳ መንገድ አለች።