ጊታሩን ማን ተካው?

ዘፈን ለቅንብር ሲሰጠን አብዛኞቻችን ኪቦርድ ተጫዋቾች እጃችን ወደ መጨመር ይሄዳል። ቫዮሊኑ፣ ነሐሱ፣ ዋሽንቱ፣ ቤዙ፣ ድራሙ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ከመተው ይልቅ ማንሣት ይቀለናል። ቅንብር የሚያስተምር ሰው ዘወትር የሚታገለው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። እኔ ለዚህ ትግል ብዙ ጊዜ የማነሣው አንድ የእንግሊዝ አልበም አለ፤ ጋሪ ኑማን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1979 ያወጣው «ዘ ፕለዠር ፕሪንሲፕል»። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙም ነው። ከቤዝ በቀር አንድም ጊታር የለበትም። ለተማሪዎች ሳስደምጥ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ጊታሩ ሲወጣ ሥራውን ማን ተረከበ?

ኑማን በ1958 ለንደን፣ ሐመርስሚዝ ተወለደ። ሙዚቃ የጀመረው እንደ እኩዮቹ በጊታርና በፐንክ ነው፤ ቱብዌይ አርሚ የሚባል ቡድን ነበረው። በ1978 የቡድኑን የመጀመሪያ አልበም ለመቅዳት ካምብሪጅ ያለ ስቱዲዮ ሲገቡ፣ ከእነሱ በፊት የቀዱ ሰዎች ትተውት የሄዱት ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር ጥግ ላይ ቆሞ አገኘ። ቁልፉን ሲጫነው ክፍሉን የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ያንን ድምፅ ያስተካከለው እሱ አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነካው ሰው ማዞሪያዎቹን እንዲያ ትቷቸው ነው። ኑማን ይህን ታሪክ በየቃለ መጠይቁ ሲያወራው የሚደሰትበት ይመስላል። በቀጣዩ ዓመት «ሬፕሊካስ» የተባለው የቡድኑ አልበም ወጣ፤ ከእሱ የተወሰደው «አር ፍሬንድስ ኤሌክትሪክ?» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። እዚያ ላይ ጊታርና ሲንተሳይዘር ገና አብረው ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጊታሩን ጨርሶ አስወጣው።

በሮክ ባንድ ውስጥ ሊድና ሪትም ጊታር የሚሠሩትን ቆጥረን ብናይ ቢያንስ አራት ሥራ ይወጣዋል። ኮርዱን ይናገራሉ፤ በቤዝና በድምፃዊው መካከል ያለውን ቦታ ይሞላሉ፤ ሙዚቃው እንዳይለሰልስ ሻካራነት ይሰጣሉ፤ ድምፃዊው ሲያርፍ ደግሞ ዜማ ይወስዳሉ። ጊታሩን ያስወጣ አቀናባሪ እነዚህን አራት ክፍት የሥራ ቦታዎች እንዳሉ አይተዋቸውም። ኑማን አንድ በአንድ ነው የሞላቸው። ኮርዱንና መካከለኛውን ቦታ ፖሊሙግ ለሚባለው ሲንተሳይዘር ሰጠ፤ ‹ቮክስ ሁማና› የሚባለው የፖሊሙግ ድምፅ በዚህ አልበም ነው የታወቀው፤ ቀዝቃዛ፣ ሰፊ፣ ከላይ የሚንሳፈፍ ድምፅ ነው። ሻካራነቱን ለሚኒሙግ ሰጠ፤ ሲንተሳይዘሩን ለጊታር በተሠሩ የኢፌክት ፔዳሎች ውስጥ አሳልፎ አጠቆረው። ዜማውንም አንድ ጣት ለሚበቃቸው አጫጭር ሐረጎች ሰጠ። በአንዳንዱ ቦታ ደግሞ ጨርሶ ማሽን ያልሆነ ነገር አስገባ፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ክሪስ ፔይን ቪዮላ ይመታል፣ የአልትራቮክስ ቡድን አባል ቢሊ ከሪ ደግሞ በሁለት ዘፈኖች ቫዮሊን ተጫውቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ ግን ያልነካው ነገር ነው። ዘመኑ የድራም ማሽን ማቆጥቆጫ ነበር፤ የጀርመኖቹ ክራፍትወርክ ምቱንም ለማሽን አስረክበው ነበር። ኑማን ግን ሴድሪክ ሻርፕሊን ድራም ላይ፣ ፖል ጋርዲነርን ቤዝ ላይ አስቀመጠ። ስለዚህ ከላይ ያለው ሁሉ ብረት ሆኖ ሳለ ከታች ያለው ሥጋ ነው። የሻርፕሊ ምት ደረቅና ቀጥተኛ ነው፤ ግን ሰው ስለሚመታው ይተነፍሳል። «ፊልምስ» የሚለውን ዘፈን ድራሙን ብቻ ተከትላችሁ ስሙት፤ ሲንተሳይዘሮቹ እንደ ልባቸው እንዲቀዘቅዙ የፈቀደላቸው እሱ ነው። ምቱም ማሽን ቢሆን ኖሮ ቅዝቃዜው ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር?

«ካርስ» የሚለው ዘፈን ደግሞ ለቅንብር ትምህርት ብቻውን ይበቃል እላለሁ። ሐሳቡ የመጣው ለንደን ውስጥ መንገድ ተዘግቶ ሳለ ሰዎች ወርደው መኪናው ላይ ሲመጡበት በሩን ቆልፎ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ነድቶ ካመለጠበት አጋጣሚ ነው። ዜማው የተገኘው ግን ሲንተሳይዘር ላይ አይደለም። ቤዝ ጊታር ለመለማመድ አንሥቶ መጀመሪያ የመታቸው ኖታዎች ናቸው የዘፈኑ አከርካሪ የሆኑት። ግጥሙ አጭር ነው፤ የሚዘፈን አዝማችም የለውም። አዝማቹን የሚወስደው ሲንተሳይዘሩ ነው። ድምፃዊው የሚለውን ብሎ ከጨረሰ በኋላ ዘፈኑ ያለ ቃል ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ፖሊሙጉ ከላይ ይዘረጋል፣ ከታች ቤዙና ድራሙ ይነዳሉ። አዝማች የሌለው፣ ግማሹ ያለ ድምፃዊ የሚያልፍ ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፤ በ1980 ደግሞ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ዘጠነኛ ደረጃ ደረሰ። አልበሙ ራሱ የሚከፈተው «ኤርሌን» በተባለ፣ ድምፃዊ በሌለበት ሙዚቃ ነው። በራሱ ስም ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ድምፁን ሳያሰማ የሚገባ ዘፋኝ ለቅንብሩ የሰጠውን ቦታ መገመት አያቅትም።

ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሥራ እንዲሰጥ መሣሪያዎቹም አስገድደውታል። ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ሦስት ቁልፍ አብራችሁ ብትጫኑ የምትሰሙት አንዱን ነው። የድምፅ ማስታወሻም የለውም፤ የምትፈልጉትን ድምፅ ማዞሪያ በማዞሪያ ራሳችሁ ትሠራላችሁ፣ ሌላ ስትፈልጉ ያንን አፍርሳችሁ ነው። ማሲንቆ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እጥረት ሆኖ አይታየውም። አዝማሪና ማሲንቆ አንድ ዜማ ይዘው ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ያስጌጣል፣ ሙላቱ የሚመጣው ከኮርድ ሳይሆን ከዚህ መደራረብ ነው። የሚኒሙግ ፒች ዊል ደግሞ ለእኛ ቅኝቶች የተመቸ ነው። ትዝታን በኪቦርድ ስንጫወት የሚያስቸግረን በኖታና በኖታ መካከል ያለው መንሸራተት ነው፤ ቁልፍ አይንሸራተትም፣ ግራ እጅ ግን ዊሉን እየገፋ ያንን መንሸራተት ሊሰጠው ይችላል። እኔ ለሶሎ አንድ ኖታ ብቻ የሚያወጣ ድምፅ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ጣት መደበቂያ ሲያጣ የመጀመሪያው በትክክል መዝፈን ይጀምራል።

ወደ ራሳችን ሙያ ስመጣ ነገሩ ይከብዳል። በእኛ አገር ኪቦርድ የመጣው ባንድ በሚበተንበት ዘመን ነው። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሥራ አጠበበው፤ ትልልቆቹን የነሐስ ባንዶች መክፈል ለባለ ክለቡም ለአሳታሚውም ከበደ። ስለዚህ ኪቦርዱ የሳክስፎኑንም፣ የቤዙንም፣ የድራሙንም ቦታ ወረሰ። ወጪው ቀነሰ፣ ካሴቱ ቶሎ ወጣ። የእንግሊዝ ሙዚቀኞችም ይህን ፈርተው ነበር፤ በ1982 የማኅበራቸው የመካከለኛው ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እንዲታገድ የውሳኔ ሐሳብ እስከማጽደቅ ደርሶ ነበር። እገዳው አልሆነም፣ ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ አንድ ኪቦርድ የሃምሳውን ሲሸከም የምንሰማው ሸክሙን ነው። ድምፁ ነሐስ ይመስላል፣ ግን እንደ ነሐስ አይነፋም፤ ቤዝ ይመስላል፣ ግን እግር አያስነሣም።

ማሽኑን እንደ ማሽን የተጠቀመ ሰው ግን በእኛም ዘንድ አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ በ1985 ያወጣው አልበም አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ነው ያለበት። ማንም ማንንም ለመምሰል አይደክምም። አኮርዲዮኑ የቆየውን ዜማ ይመራል፣ ሲንተሳይዘሩ ሲንተሳይዘር ሆኖ ይመልስለታል፣ ድራም ማሽኑም ድራመኛ ነኝ አይልም። ኑማን ኃይለኛ ባንድ ይዞ፣ ኃይሉ ብቻውን ሆኖ፣ ሁለቱም ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሥራ ሰጥተው ለቀቁት።

የኑማን አልበም እንከን የለሽ አይደለም። ፖሊሙጉ በየዘፈኑ በአንድ ዓይነት ቀለም ስለሚመለስ በተከታታይ ሲሰሙት ይደክማል። የኑማን ድምፅም ጠባብ ነው፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ስሜቱን የሚሸሽግ ነው። ይህ ሁለተኛው ግን በቅንብሩ ምክንያት ጥቅም ሆነ። ከበስተኋላው የሚያለቅስ ጊታር ቢኖር ኖሮ ያ ደረቅ ድምፅ ችሎታ ማጣት ይመስል ነበር፤ በሲንተሳይዘሮቹ መካከል ግን ብቸኛ ሰው ሆኖ ይሰማል። ቅንብር ድምፃዊን የሚያግዘው ድክመቱን በመሸፈን ብቻ ሳይሆን ድክመቱ ትርጉም የሚያገኝበትን ቦታ በመስጠትም እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

አልበሙ ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮም የሥራ ድልድሉን ትክክለኛነት ያሳያል። ቤዝመንት ጃክስ ከአልበሙ ዘፈኖች የ«ኤም. ኢ.»ን ሐረግ ወስደው በ2001 የዳንስ ዘፈን ሠሩበት፤ ናይን ኢንች ኔልስ «ሜታል»ን እንደገና ተጫወቱት። ሐረግ መዋስ የሚቻለው ሐረጉ ለብቻው ሲቆም ነው። አምስት ድምፅ አንዱን ሥራ ከሚሻማበት ቅንብር ላይ ምንም ቆርጦ መውሰድ አይቻልም፤ አብሮ የሚመጣው ጭቃ ብዙ ነው።

ስለዚህ ቅንብር ጨርሰው ለሚያስደምጡኝ ወጣቶች የምሰጠው ፈተና ቀላል ነው። ከትራኮቹ አንዱን እንዲያጠፉ አደርግና ዘፈኑ ምን እንደጎደለው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። «ኮርዱ ጠፋ»፣ «ሻካራነቱ ሄደ»፣ «ጥያቄውን የሚመልስለት አጣ» ካሉኝ ያ ድምፅ ሥራ አለው፣ ይመለስ። «ትንሽ ሳሳ» ብቻ ካሉኝ ደግሞ ጠፍቶ ይቅር እላለሁ፤ የሳሳውን ቦታ ለቤዙና ለድራሙ እንተውላቸው፣ ቢቻል ደግሞ ለሚመታቸው ሰው እንክፈለው።